አባቴ በሰዓት ብሪጅ የተጫወተ ጊዜ

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ ከቤት የሚወጣው እሑድ እሑድ ብቻ ነበር። የጃንሆይ ዘመን ነው። በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ የባቡር ሠራተኞች በሚያዘወትሩት ክበብ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ከኒሙ ዛፍ ሥር የብሪጅ ውድድር ይደረጋል። ብሪጅ አራት ሰዎች ሁለት ለሁለት ተጣምረው የሚጫወቱት ካርታ ነው። ፈረንሳዮቹ አመጡት፣ ግሪኩም አርመኑም ሐረሬውም እኛም ለመድነው። ከአባቴ ጋር የምጣመረው እኔ ነበርኩ።

ያኔ ከድሬዳዋ ለአንድ የአዲስ አበባ ጋዜጣ ዜና እልክ ነበር፦ የጉምሩክ ወሬ፣ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ፣ የባለሥልጣን ጉብኝት። ያላየሁትን አልጽፍም፤ ስለ አባቴም የማውቀው ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ያየሁትን ነው።

አባቴ ጡረታ የወጣው ከሁርሶ ባቡር ጣቢያ ኃላፊነት ነው። ብዙም ሳይቆይ የደም ግፊት ቀኝ ጎኑን መታው። እግሩ ተሻለው፤ እጁ ግን እንደ ድሮው አልሆነለትም። ካርታዎቹን በግራው ይዞ በቀኙ አንዱን ሲመዝ ሁለት ሦስት አብረው ይመጣሉ። መልሶ ይሰካቸዋል፣ እንደገና ይመዛል። አእምሮው ምንም አልጎደለበትም። ተራው ሳይደርስ ዓይኑ የሚጥለው ካርታ ላይ አርፎ አያለሁ፤ የሚዘገየው ጣቱ ነው።

ለሚጠብቀው ሰው ግን ያው መዘግየት ነው። ከሁሉም የሚያማርረው ከመጋላ ሰፈር የሚመጣ ሐረሬ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ከአባቴ በዕድሜ ቢያንስም እንደ ድሬዳዋ ሰው ሁሉ “አንተ” ነበር የሚለው።

“አቦ ጋሼ! የጅቡቲው ባቡር ደርሶ ተመለሰ እኮ!”

“ተወኝ፤ አንተ መርቅነህ የምታስበውን ያህል ገና አላሰብኩም” ይላል አባቴ፣ ከካርታው ጋር እየታገለ።

አባቴ እውነቱን ነው። ነጋዴው ጫቱን ቅሞ ሲመጣ ምርቃናው ላይ አንዲት ካርታ ለመጣል ሰማይ ያያል፣ ጢሙን ይዳብሳል፣ ወሬ ጀምሮ ያቆማል። አንድ እሑድ የእጅ ሰዓቴን ጠረጴዛው ጥግ አስቀምጬ ሁሉንም ለካሁ። አባቴና ነጋዴው ብዙም አይበላለጡም ነበር። ልዩነቱ ነጋዴው ያስቃል፣ አባቴ ዝም ይላል።

አንድ ቀን ውድድሩን የሚመራው ግሪክ ተነስቶ አዲስ ሕግ አቀረበ። ለእያንዳንዱ ዙር ግማሽ ሰዓት ይሰጣል፤ ሲያበቃ ደወል ይደወላል፤ በደወሉ ሰዓት ያላለቀ ጨዋታ ለሚመራው ወገን ዜሮ ነው። “ቀድመው የጨረሱት የሌላውን ጀርባ እያዩ ይቀመጣሉ፤ ይሄ ውድድር ነው ወይስ ለቅሶ ቤት?” አለ። የሳቀ የለም። ሁሉም ወደ አባቴ ላለማየት ይጠነቀቅ ነበር።

የለካሁትን ልናገር ከወንበሬ ብድግ አልኩ። አባቴ ግን ቀደመኝ፤ ያችኑ ቀኝ እጁን አነሳ።

“እደግፋለሁ” አለ። “ሁርሶ ላይ ባቡር ሲዘገይ ድሬ ላይ የሚጠብቅ ሰው አለ። ማስጠበቅ ደግ አይደለም።”

ሕጉ አለፈ። ወደ ቤት ስንሄድ ለምን እንደደገፈ ጠየቅሁት። “ትክክል ስለሆነ” አለኝ። እኔም ከሕጉ ጋር ጠብ አልነበረኝም። የኔ ጭንቀት አባቴ ይችን እሑዱን ያጣል የሚል ነበር።

መምጣቱን አልተወም። ሌላ ነገር ተወ። በብሪጅ ከተጣመሩት ሁለቱ አንዱ ጨዋታውን ይመራል፤ ሌላው ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ዝም ብሎ ያያል። ይህን ሰው በፈረንሳዮቹ አጠራር “ሟች” እንለዋለን። ማን እንደሚመራ የሚለየው መጀመሪያ በሚደረገው ጥሪ ነው፦ አንዱ የሚያዋጣውን የካርታ ዓይነት ይጠራል፤ ጓደኛው ከደገፈው መሪው ጠሪው ነው። አባቴ በሕይወቱ መምራትን የሚያህል የሚወደው ነገር አልነበረም። ደወሉ ከመጣ ወዲህ ግን ጥሩ ካርታ ይዞ እንኳ የኔን ጥሪ ይደግፋል፣ ጨዋታውን ለኔ ይሰጣል፣ የሱን ካርታ ይዘረጋል።

“ሟች ስሆን ፈጣን ነኝ” ብሎ ይቀልዳል። ከዚያ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ እኔ ስሳሳት ያያል። እሳሳትም ነበር። ውጤታችን ወረደ፤ አባቴ ግን በሰዓቱ እንጨርሳለንና ደስ ያለው ይመስላል። ይመስላል ነው የምለው። ቤት ሲገባ እንደ ድሮው የጨዋታውን ነገር እያነሳ አይከራከረኝም፤ ፊቱን ታጥቦ ይተኛል።

ወሩ ሳያልቅ፣ ከነጋዴው ጋር በተገናኘንበት ዙር፣ የመጨረሻው ጨዋታ ላይ የመጀመሪያው ጥሪ የአባቴ ሆነ። ጥቁሩን ፒክ ጠራ። ብዙ ስለነበረው ሊያልፈው አልቻለም። የኔን ጥሪ ይጠብቃል፤ አምስት ቀይ ልብ ይዣለሁ፤ ብጠራው ወዲያው ደግፎ መሪነቱን ያስረክበኛል። አልጠራሁትም። የሱን ፒክ ደገፍኩ። ቀና ብሎ አየኝ። ጥሪው እዚያው አለቀና ካርታዬን ዘርግቼ ሟች ሆንኩ።

መጀመሪያ አንድ ካርታ ሊመዝ ሁለት ወደቁበት። ነጋዴው አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ቀስ በቀስ ግን አባቴ ጨዋታው ውስጥ ገባ። ከኔ ካርታ የሚፈልገውን በስሙ ይጠራልኛል፣ እኔ አነሳለታለሁ፤ ከራሱ ደግሞ እየታገለ ይመዛል። ግሪኩ ደወሉን አንስቶ ሰዓቱን እያየ ነበር። ገና ብዙ ካርታ ቀርቷል።

አባቴ የቀረውን ካርታ በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ገልጦ አኖረው።

“ቀሪው የኔ ነው” አለ።

ሕጉ ይህን ይፈቅዳል፤ እኛ ጋ ግን የሚያደርገው አልነበረም። እስከ መጨረሻዋ ካርታ መጫወት ክብር ነው። ዘርግቶ ቀሪው የኔ ነው ማለት ባላንጣን መናቅ ነው እየተባለ፣ ያለቀለትን ጨዋታ እንኳ ሁላችንም እየጎተትን እንጨርሰው ነበር። ከሌሎቹ ጠረጴዛዎች አንገቶች ዞሩ። አባቴ ፊቱ ቀልቶ፣ ግን በጣቢያ ኃላፊ ድምፁ፣ የትኛው ካርታ በየትኛው እንደሚያሸንፍ በየተራው ተናገረ።

ነጋዴው ካርታዎቹን አየ። ሰማይ አየ። ጢሙን ዳበሰ።

“አቦ” አለ በመጨረሻ፣ የራሱን ካርታ እየጣለ፣ “እንዲህ ማድረግ እየቻልክ ነው ስንት ዓመት ያስቀመጥከን?”

“ትቀየማለህ ብዬ ነው።”

“የምቀየመው ብትሳሳት ነበር። ትክክል ነህ፣ ጋሼ። ያንተ ነው።”

ደወሉ ሲደወል አባቴ ካርታ እየሰበሰበ ነበር። በግራ እጁ።

የሰዓቱ ሕግ ክፉ ነበር ብዬ ዛሬም አልጽፍም። ያኔ ግን ሊወስድብን የነበረውን እሑድ እንጂ የሰጠንን አላየሁም ነበር።

ስንመለስ የደቻቱ አሸዋ ደርቆ ስለነበር በድልድዩ ሳንዞር አቋርጠን ሄድን። እኩሌታው ላይ አባቴ ቆመ።

“ስንት ቀይ ልብ ነበረህ?”

“አምስት።”

“አምስት ይዘህ ፒክ ደገፍክ?”

“አዎ፣ አባባ።”

“ጋዜጣህ ላይም እንዲህ ነው የምትዋሸው?”

ከአሸዋው ስንወጣ እንዳይደናቀፍ ክንዱን ያዝኩት፤ አላስለቀቀኝም።

“ሁለተኛ እንዳታደርገው” አለ። ጥቂት ሄድን። “ካርታ ካለኝ እኔው ራሴ እጠራለሁ።”