ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ ያለው ወንዝ

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ነጠላ ሰረዝ» ነው የሚሏት። ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ ብላ ማሽን ታስቆማለች ለማለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አራሚ ሆና ስትሠራ አንድም መጽሐፍ ሆዷን አባብቶት አያውቅም፤ ዐይኗ የሚለቅመው ፊደል ነው እንጂ ታሪኩን ከቁብ አትቆጥረውም።

አንድ ቀን የአንድ ወጣት ደራሲ ልብ ወለድ ደረሳት። ኑሮ የመረራት ልጅ ወንዝ ዳር ትቆማለች፤ ወንዙ እንደ እናት እቅፉን ዘርግቶ ይቀበላታል፤ ታርፋለች። ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ ቀዩ እስክሪብቶ እጇ ላይ ቀረ። ከሰባት ዓመት በፊት ታናሽ ወንድሟን ደራሽ ውሃ ወስዶት ነበር። በዘጠነኛው ቀን የዛፍ ሥር ውስጥ ተሰንቅሮ ሲገኝ ሬሳውን የለየችው እሷ ናት፤ ያውም በቀበቶው።

ወረቀቱን ይዛ አለቃዋ ዘንድ ገባች።

«ጋሼ፣ ይሄ ወንዝ ልክ አይደለም።»

«የኔ እመቤት፣ ያንቺ ሥራ ፊደል ማረም ነው፤ ወንዝ ማረም ከመቼ ወዲህ ነው?» ብሎ ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠና ደራሲውን አስጠራው።

ደራሲው በማግስቱ መጣ። «ወንዙ እኮ ምሳሌ ነው፣ እትዬ» አላት በትሕትና። «ዕረፍት ማለት ነው።»

«ወንድሜን የወሰደው ምሳሌ አልነበረም።»

ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ዘጠኙን ቀን ነገረችው፤ ዳር ለዳር የተንከራተቱትን ጎረቤቶች፣ ሽታውን፣ ጭቃ ላይ ተቀምጠው አልነሳም ያሉትን እናቷን። ደራሲው ገጹን ወደ ራሱ ሳበ።

«ታዲያ ላውጣው?»

«እኔ ምን አውቄ። መጽሐፉ ያንተ ነው።»

በአራተኛው ቀን ገጹን መልሶ አመጣ። ወንዙ አሁንም እቅፉን ይዘረጋል። ከሥሩ ግን ሁለት ዓረፍተ ነገር ተጨምሯል፦ ሰዎች ዱላ ይዘው ውሃውን ይፈትሻሉ። አንዲት ሴት የልጅቷን ስም እየጠራች ከኋላ ትከተላለች። ሁለቴ አነበበችው። አንድ ፊደል ተገድፏል፤ አስገባችና ፈረመችበት። የዚያን ቀን ምሳ አልበላችም።

መጽሐፉ ሲወጣ አንድ ቅጂ ተሰጣት። የምትኖረው ዐይናቸው ከደከመው እናቷ ጋር ነው፤ ከሥራ ስትመለስ ታነብላቸዋለች። እዚያ ቦታ ስትደርስ ሦስት ቅጠል አንድ ላይ ገለበጠች።

«ልጅቷስ ምን ሆነች?» አሉ እናቷ።

«ሌላ ከተማ ሄደች፣ እማዬ።»

«እሰይ። ለእናቷ ደብዳቤ ጻፈች?»

«እሱን አይልም» አለችና መጽሐፉን ከደነችው።