ከአዋሽ ማዶ የጣልኳት ድመት

ድመቷን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የከተትኳት በግማሽ ኪሎ ሥጋ ተናድጄ ነው። ሐምሌ እያለቀ ነበር። ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት ልጥገብ ብዬ የገዛሁትን ሥጋ ሳህን ላይ አስቀምጬ፣ ሽንኩርት ልገዛ ሱቅ ደርሼ ብመለስ ሳህኑ ተልሶ ጠበቀኝ። እኔ ደግሞ ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ነው፤ ልደብቀው አልችልም። በግቢያችን ከሚዞሩት ባለቤት የለሽ ድመቶች ሁሉ የለየላት ሌባ ያቺ ዥጉርጉር ነበረች። "ቆይ፣ አሳይሻለሁ!" አልኳት። በማግስቱ ጠዋት በአጥንት አባብዬ ያዝኳት።

እኛ ዘንድ ድመት አይገደልም፤ ነፍስ ናት፣ ነውርም ነው። የሚደረገው ሌላ ነው፤ ከረጢት ውስጥ ከትቶ፣ መንገዱ እንዲጠፋባት ሦስት ጊዜ አዙሮ፣ ወንዝ አሻግሮ መልቀቅ። እኔም የከረጢቱን አፍ አስሬ ወደ ደራ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት "ዶሮ ናት?" አሉኝ። "አዎ" አልኩ። ወዲያው ሚያው አለች። "አይ፣ ያንቺስ ዶሮ ጉደኛ ናት!" ሲሉ መኪናው ሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አዋሽን ተሻግረን ደራ ገበያ ዳር ስለቃት በቁሟ ትንሽ ዞር ዞር አለችና ተፈተለከች። ሆዷ እንደተንጠለጠለ፣ ጡቶቿም እንዳበጡ ያን ጊዜ አይቻለሁ። አይቼ ግን ምንም አላሰብኩም፤ እፎይ ብዬ ተመለስኩ።

ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ጣለ። ለአዳማ ሰው በረዶ ብርቅ ነው፤ ያን ቀን የወረደው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የሚገለብጡ ነበር የሚመስለው፤ የሰው ድምፅ አይሰማም፣ የራስም አይሰማም። ግቢው ነጭ ሆነ፤ መንገዱ ነጭ ሆነ፤ ባጃጆቹ ባሉበት ቆሙ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጋብ ሲል ነው ከኮርኒሴ በላይ ቀጭን ለቅሶ የሰማሁት።

ጎረቤቴ፣ ቤታችንን አንድ ግድግዳ ነው የሚለየው፣ ከወሎ የመጡ አሮጊት ናቸው፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። አምና ታይፎይድ ጥሎኝ ዘመድ ሳይደርስልኝ አጥሚት እያጠጡ ያነሱኝ እሳቸው ናቸው። ለድመቶቹም ከሚበሏት የሚያካፍሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በረዶውን እየረገጡ መጥተው በሬ ላይ ቆሙ።

"ልጄ፣ ያቺ ዥጉርጉር አራስ ናት። ሦስት ልጆቿ ካንቺ ኮርኒስ ላይ ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ አጣኋት፤ አይተሻት ይሆን?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "ኧረ አላየኋትም፣ እማማ" አልኩ።

በረዶው ጣሪያውን በሳስቶት ኖሮ ውሃው ኮርኒሱ ላይ ይንጠባጠባል። ወንበር ላይ ወጥቼ በተላቀቀው ጥግ እጄን ልሰድ ስል ጮኹብኝ።

"ተይ! የሰው እጅ የነካቸውን እናታቸው አትቀበላቸውም። በረዶው አግዷት ነው እንጂ ትመጣለች። አንስታ ደረቅ ቦታ ታደርጋቸዋለች።"

እንደማትመጣ የማውቀው በዚያ ግቢ እኔ ብቻ ነበርኩ። "ደራ ናት" ማለት ነበር፤ ሁለት ቃል! ይህን ቢያውቁ ወዲያው አውርደን ከሰል ዳር እናደርጋቸው ነበር። ፈራሁ። ሌላ ምን እላለሁ? እንደ ልጃቸው የሚያዩኝን ሴት ዓይን ፈራሁና እጄን መለስኩ።

አልጋዬ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠበቅን። እሳቸው በየኮሽታው "መጣች" ይላሉ። አንዴ የግቢው ጥቁር ወንድ ድመት በአጥር ሲያልፍ ጭራውን አይተው "አልሐምዱሊላህ!" ብለው ተነሱ፤ ለይተው ሲያዩት ተመልሰው ተቀመጡ። ከላይ የሚመጣው ድምፅ እየሳሳ ሄደ። ሦስት የነበረው ሁለት፣ ከዚያም አንድ ሆነ።

"እማማ፣ እኔ ነኝ" አልኩ በመጨረሻ። "ደራ ወስጄ የጣልኳት እኔ ነኝ።"

ቢሰድቡኝ፣ ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር። "አውርጃቸው" ብቻ አሉኝ። ሁለቱ ደርቀው ነበር። ሦስተኛውን ከጉያቸው ከትተው፣ በጥጥ ወተት ሊያንጠባጥቡለት ሞከሩ፤ አፉን አልከፈተም። ፀሐይ ሳትጠልቅ እሱም ሞተ። አጥሩ ሥር ገና ያልቀለጠውን በረዶ በአካፋ ገፍቼ ሦስቱንም አንድ ላይ ቀበርኳቸው። እሳቸው ቤታቸው ገብተው በራቸውን ዘጉ። ከዚያ ወዲያ እንደምን አደሩ ስላቸው ወደ መሬት አቀርቅረው "ደህና" ይሉኛል፤ ሌላ ቃል የለም።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ልብስ ሳሰጣ ድመቷ በአጥሩ ሥር ሾልካ ገባች። አዋሽን በምን እንደተሻገረች እግዜር ይወቀው። አንድ እግሯን ታነክሳለች፤ ጎኗ በጭቃ ተለውሷል፤ አጥንቷ ይቆጠራል። እኔንም፣ በራቸውን ከፍተው የወጡትን እማማንም ሳታይ በውሃው በርሜል ላይ ዘላ ወጣችና ኮርኒሱ ውስጥ ገባች። ከጥግ ጥግ ስትሮጥ ሰማናት። ከዚያ መጣራት ጀመረች፤ ትጣራለች፣ ዝም ብላ ትጠብቃለች፣ ደግሞ ትጣራለች።

አሮጊቷ ከደጃፋቸው ሆነው ያዳምጡ ነበር። ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

"ልጆቿን እየጠራች ነው" አሉኝ። "በይ ግቢና ንገሪያት።"