አተላ የተጋቱት ዓሦቼ

ዛሬ ጠዋት ጓሮ ስወጣ የዓሣ ኩሬዬ አረፋ ደፍቆ፣ ዓሦቼም ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ገልብጠው ተንሳፍፈው ጠበቁኝ። ሽታውን አታንሱብኝ።

ከባሕር ዳር እስከ ወገዳ፣ በዚያ ኮረኮንች ጀሪካን ታቅፌ ያመጣኋቸው የዓሣ ጫጩቶች እኮ ናቸው!

ጎረቤቴ እትዬ ጥሩዬ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። «ትናንት አፋቸውን ሲከፋፍቱ ባይ፣ ራባቸው ብዬ አንድ ባልዲ የጠላ አተላ ደፋሁላቸው። በሬዬን ያሰባሁት በሱ አይደል?»

«እትዬ፣ ዓሣ እኮ በሬ አይደለም!»

«ታዲያ ሲለምኑኝ ዝም ልበል?»

የሚያሙለጨልጨውን ሬሳ በእጄ እየለቀምኩ ቀበርኩ። እጄን በሎሚ ባሸውም ግማቱ አልለቀቀኝም። ኤጭ!

ሁለት ዓሦች ተርፈዋል። እትዬ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ «እነዚህን እንኳ እኔ እጠብቅልሻለሁ» ብለውኛል።

እናንተስ፣ በደግ ጎረቤት እጅ ምን አለቀባችሁ?