የትኛው ሚካኤል?

ትናንት መራዊ ገበያ ቲማቲም ልገዛ ጎንበስ እንዳልሁ... የገዛ ትምህርቴ መልሶ ያዘኝ።

ከሥሩ ላስረዳችሁ። ቆጋ መስኖ ላይ ለሚያመርቱ ገበሬዎች ማኅበር የሰብል ባለሙያ ነኝ። «ይህን የተባይ መድኃኒት የረጫችሁ ሰባት ቀን ሳይሞላ እንዳትለቅሙ» ስል ስንት ወር ለፈለፍሁ። ሰባቷን ቀን የሚቆጥርልኝ ግን ጠፋ።

አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ብልሃት መጣልኝ። «በሚካኤል የረጨ በገብርኤል ይልቀም!» አልሁ። ከ12 እስከ 19፣ ልክ ሰባት ቀን። ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ።

ሊቀመንበሩ መሪጌታ ናቸው። «ልጄ፣ በሚካኤል ማን ሥራ ይነካል? የሚካኤል ማግስት የረጨ የገብርኤል ማግስት ይልቀም በል እንጅ» ብለው አረሙኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልረሳውም። ሪፖርቴ ላይ ግን ሐሳቡን የራሴ አድርጌ ጻፍሁት... ይቅር ይበለኝ።

እና ትናንት፣ ወሩ በገባ በ15፣ ቲማቲም የሚሸጡት የማኅበራችን አባል እትዬ የሺ ናቸው። የሰባት ዓመቷ ልጄ ቲማቲም በጥሬው ነው የምትገምጠው። ስለዚህ ጠየቅሁ።

«እትዬ የሺ፣ መቼ ነው የተረጨው?»

«የሚካኤል ማግስት ነዋ! ያስተማርኸንን መች ረሳን?»

ደስ አለኝ... ከዚያ ደነገጥሁ። የሚካኤል ማግስት ከሆነ ገና ሁለት ቀኑ ነው።

«የትኛው ሚካኤል?»

«ያለፈው!»

የዚህ ወሩም አልፏል፣ የባለፈው ወሩም አልፏል። የአንዱ ይበላል፣ የአንዱ አይበላም።

«የዚህ ወሩ ነው ወይስ የባለፈው ወሩ?» ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«ኧረ በስማም! ሚካኤል ስንት ነው? አንድ አይደለም እንዴ?»

ከጎናቸው የተቀመጡት ሽንኩርት ሻጮች ዞረው አዩኝ። መልአክ የሚጠራጠር ሰው ሆኜ አረፍሁት። አፍሬ ሁለት ኪሎ ገዛሁ።

ባሕር ዳር ቤቴ ስገባ ልጄ የማትደርስበት መደርደሪያ ላይ ሰቀልሁት። አንዴ ከተለቀመ ወዲያ መጠበቁ ብዙም እንደማይፈይድ አውቃለሁ፤ የማስተምረው እኔው ነኝ። ግን ፈራሁ።

«አባዬ፣ ቲማቲሙን መቼ ነው የምንበላው?»

ነገሩን ለማሳለፍ ያህል «የገብርኤል ማግስት» አልኋት።

ትንሽ አሰበችና... «የትኛው ገብርኤል?»

ማኅበሩ መቅጠር የነበረበት እኔን ሳይሆን እሷን ነው።