የለውዙ ወረቀት

አልፎ አልፎ በምኖርበት ሰፈር ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ያልፋል። ስለ ክትባት ይለፍፍ ስለ ሎተሪ ግድ የለኝም፤ እኔን የሚይዘኝ ከቃሉ ቀድሞ የሚመጣው ነገር ነው፣ ያ ማይክራፎኑ ሲከፈት የሚሰማው ሲጥታና ከእሱ በኋላ የምትመጣው አጭር ዝምታ። በዚያች ዝምታ ውስጥ በእጄ የያዝኩትን አስቀምጣለሁ፣ የልጅ ልጅ ያየሁ ሴት ተመልሼ የሐረር ፈላና በር ልጅ ሆኜ አባቴ የሚያነበውን እጠብቃለሁ።

አባቴ በጃንሆይ ዘመን ከሸዋ ተመድቦ ሐረር የመጣ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። ቀን በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ወረቀት ሲያስገባና ሲያወጣ ይውልና፣ ድምፁ ጥሩ ነው ስለተባለ፣ አመሻሹ ላይ ፈረስ መጋላ አደባባይ ምሰሶ ላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ የአዲስ አበባ ራዲዮ ዜና ተሰምቶ ሲያበቃ የከተማውን ማስታወቂያ ያነብ ነበር። ቆሻሻ የሚጫኑት አህዮች በየትኛው ቀን በየትኛው በር እንደሚወጡ፣ ውኃ መቼ እንደሚቋረጥ፣ ከተማዋን በሚከብበው ግንብ ሥር ጥራጊ የደፋ ሰው ምን እንደሚጠብቀው፣ የጠፋች በቅሎ መልኳ ምን እንደሚመስል፣ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ግርማ ነበር የሚያነበው። ቤት ውስጥ ግን ጨው አቀብሉኝ ሲል እንኳ ድምፁ አይሰማም ነበርና እናቴ ማይክራፎን ላምጣልህ እያለች ትቀልድበት ነበር።

የምንኖረው በግንቡ ውስጥ፣ ከእማማ ዘይነብ ጋር በአንድ ግቢ ነበር። እማማ ዘይነብ የከተማዋ ተወላጅ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ሲሆኑ፣ ኤረር በር ላይ ለውዝ እየቆሉ ይሸጡ ነበር። መኸር ደርሶ ገበሬዎቹ አዲሱን ለውዝ በአህያና በግመል ጭነው በዚያ በር ሲገቡ፣ እሳቸው ከነአፈሩ ገዝተው ግቢያችን ውስጥ ያሰጡታል፤ እኔም ከትምህርት ቤት መልስ ከጎናቸው ቁጭ ብዬ መጠቅለያውን እሠራ ነበር። ወረቀቱን አራት ቦታ ቀድዶ፣ በጣት ላይ ጠምዝዞ፣ ጫፉን ማጠፍ ነው፤ እንደኔ የሚያፈጥነው ስላልነበረ እኮራበት ነበር።

ወረቀቱን የሚያመጣልን አባቴ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ያረጀውን ወረቀት ከጓሮው ጉድጓድ ከትቶ እንዲያቃጥል አዝዞት ሳለ፣ ጀርባው ንጹሕ የሆነ ወረቀት ማቃጠል አንጀቱ እምቢ ይለው ነበርና፣ በብብቱ ይዞ መጥቶ ጥቂቱን ለእኛ የሒሳብ መሥሪያ፣ የቀረውን ለእማማ ዘይነብ ይሰጥ ነበር። እሳቸው ሲመርቁት ደስ እያለው መሥሪያ ቤቱ የጣለውን ከተማው ይበላበታል ይል ነበር። በሌላው ነገር ሁሉ ፈሪ የነበረ ሰው በዚህች አንዲት ነገር ብቻ ደፋር ሆነ፤ ደፋር መሆኑን ግን የሚያውቀው አይመስለኝም።

እማማ ዘይነብ ፊደል አልቆጠሩም። ስለዚህ ከመጠቅለሌ በፊት እያንዳንዱን ወረቀት ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸው ነበር፤ እሳቸው የሚጠነቀቁት ለአንድ ነገር ብቻ ነበር፣ የአላህ ስም ያለበት ወረቀት ለውዝ ተጠቅልሎበት መሬት ላይ ተጥሎ እንዳይረገጥ። እንዲህ ያለው ሲገኝ ይቀበሉኝና አቧራውን አራግፈው ቤታቸው ግድግዳ ውስጥ ካለችው ትንሽ መደርደሪያ በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡት ነበር።

በበጋው አንድ ከሰዓት በኋላ በታይፕ የተጻፉ፣ በሁለት ረድፍ የተከፈሉ ወረቀቶች እጄ ገቡ። በአንደኛው ረድፍ ራስ ላይ «ተናጋሪ»፣ በሁለተኛው ላይ «ነጋሪ» የሚል ነበረ፣ ከሥራቸው ስም፣ በመካከላቸው አጫጭር ዓረፍተ ነገር። ያን ሰሞን በትምህርት ቤት ባለቤትና ተሳቢ እየተማርን ነበርና ይህም የሰዋስው መልመጃ መሰለኝ።

«ምን ይላል፣ ልጄ?» አሉኝ።

«የሰው ስም ነው፣ እማማ።»

ስሙን አንብቢልኝ አሉኝ፣ አነበብኩላቸው። አብዱላሂ የሚል ሲሰሙ የአላህ ስም አለበት ብለው ቁራጩን ተቀበሉኝ፤ አብዱላሂ የሚባለው ብዙ ነበርና የዚያን ቀን መደርደሪያዋ ሞላች። የቀረውን ሁሉ ጠቀለልኩት።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ነገሩ ፈነዳ። መኪና ግርግር በሚባለው፣ ልብስ ሰፊዎች ግራና ቀኝ ተደርድረው መኪናቸውን ሲያንኳኩ በሚውሉበት መንገድ፣ አንዱ ሰፊ ለውዙን በልቶ ሲጨርስ ወረቀቱን ዘረጋው። በአንደኛው ረድፍ የራሱን ስም አገኘ፣ ቀጥሎ ሻይ ቤት ተቀምጦ ስለ ግብር የተናገረውን፣ በሁለተኛው ረድፍ ደግሞ ያን ሄዶ የነገረበትን ሰው ስም፣ እሱም የገዛ ሚስቱ ወንድም ነበር። በማግስቱ ከተማው ሁሉ ለውዝ ገዢ ሆነ፤ ገዝቶ ግን የሚበላ አልነበረም፣ ሁሉም እየደፋ ወረቀቱን ይዘረጋ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ የስፌት መኪናዎቹ ዝም ብለው፣ ሰፊዎቹ እጃቸውን ጨርቁ ላይ አድርገው፣ የሚያልፈውን ሰው ፊት ይመለከቱ ነበር። እንደዚያ ያለ ጸጥታ በዚያ መንገድ ሰምቼ አላውቅም።

አባቴ ያን ቀን ቤት እንደገባ ጠራኝና ምን ዓይነት ወረቀት እንደጠቀለልኩ ጠየቀኝ። ስለ ሁለቱ ረድፎች ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ፤ አልተቆጣኝም፣ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሳያገላብጥ ነበር ያመጣው። በመዝገብ ቤቱ ሦስት ጸሐፊዎች ስለነበሩ ያወጣው የትኛው እንደሆነ ገና አልታወቀም ነበር።

በማግስቱ አመሻሽ ድምፅ ማጉያው ሲጥ ብሎ ዝም አለ፣ ከዚያ የአባቴ ድምፅ መጣ። እንደ ወትሮው ከውኃው ጀምሮ ወደ አህዮቹ ሄደ፣ በመጨረሻም «የመንግሥት ወረቀት ከመሥሪያ ቤት ያወጣ ሰው እስከ እሑድ ድረስ ራሱን ያቅርብ፤ የሚያውቀውም ያመልክት» ብሎ አነበበ። አንዲት ቃል አልተደናቀፈበትም። እኔና እናቴ ግቢው ውስጥ ቆመን ስንሰማ፣ እማማ ዘይነብ ከበራፋቸው ተቀምጠው ለውዛቸውን ይለቅሙ ነበር፤ ቀና ብለው እንኳ አላዩንም። ይህንኑ ማስታወቂያ እስከ እሑድ በየቀኑ አነበበው፣ የሚፈለገውም ሰው እሱ ራሱ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በፊት ፖሊሶች እማማ ዘይነብን ከኤረር በር ከነቅርጫታቸው ወሰዷቸው። ወረቀቱን ማን ሰጠሽ ቢሏቸው፣ ከግንቡ ሥር ከጥራጊ ላይ ነው የለቀምኩት፣ ወላሂ ማንም አልሰጠኝም ማለታቸውን አብራቸው የምትሸጥ ሴት መጥታ ነገረችን። እማማ ዘይነብ ከዚያ ቀን በፊት በውሸት ወላሂ ብለው እንደማያውቁ እኔ አውቅ ነበር። ምናልባት አምነዋቸው ይለቋቸው ነበር። ነገር ግን ቤታቸውን ሲፈትሹ፣ መደርደሪያዋ ውስጥ፣ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለሉት ቁርጥራጮች ተገኙ፤ ከጥራጊ የለቀመ ሰው እንዲህ ተጠንቅቆ ያስቀምጣል ወይ ተባለ። የአላህን ስም ከእግር ሥር ለማዳን ያደረጉት ነገር ምስጢር ደባቂ አሰኛቸው።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆመ።

«ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለ።

«አንተን ሲያስሩ እሳቸውን የሚፈቱ ይመስልሃል?» አለችው እናቴ። «ሁለታችሁንም ነው የሚይዟችሁ። እነዚህ ልጆችስ?»

ከዚያ ኮቱን አውልቆ መልሶ ሰቀለው፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ለበሰውና ወደ ሥራው ሄደ። እናቴ የተናገረችው ሐሰት አልነበረም፤ እኔም የጠቀለልኩት እኔ ነኝ ብዬ የትም አልሄድኩም። ያን ጊዜ የተሰማኝን ልደብቅ አልችልም፣ እፎይ ነበር ያልኩት፤ ሐፍረቱ የመጣው ካደግሁ በኋላ ነው፣ ከመጣም ወዲያ አልሄደም።

ክረምቱን ሙሉ ዘነበ። እናቴ እማማ ዘይነብ ክርስቲያን ያረደውን ሥጋ እንደማይበሉ እያሰበች ዳቦና ወተት በለውዝ ሻጯ ሴት እጅ ትልክላቸው ነበር፣ ራሷ ግን ወደ እስር ቤቱ አልሄደችም። ግቢያችን ውስጥ የወደቀው ለውዝ በቀለ፣ ማንም አልነቀለውም። ቤት ውስጥ የነበረውን ወረቀት አንዲት እንኳ ሳታስቀር እናቴ ውኃ ውስጥ ነክራ አሟሟችው፣ ሒሳቤንም በጠጠር መሬት ላይ መሥራት ጀመርኩ። አባቴ ማስታወቂያውን ማንበቡን ቀጠለ፤ ከማንበቡ በፊት ግን ጉሮሮውን ያጸዳ ጀመር፣ ከዚያ በፊት እንዲህ አድርጎ አያውቅም ነበር።

ከመስቀል በኋላ እማማ ዘይነብ ተፈቱ። ከስተው፣ እያሳላቸው፣ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ሥር ከሚኖሩት እህታቸው ዘንድ ገቡ እንጂ ወደ ግቢያችን አልተመለሱም። አባቴ ስኳር ገዝቶ እኔን አስከትሎ ሊጠይቃቸው ሄደ። እንዴት ሰነበቱ፣ እማማ፣ አለና ስኳሩን እንደያዘ ቆመ። እሳቸው እኔን ወደ ራሳቸው ስበው ራሴን ዳበሱኝ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አሉት። «ድምፅህን ያኔ ግቢ ቁጭ ብዬ ሰምቼው ነበር። ጥርት አድርገህ ነው ያነበብከው።»

አባቴ ከዚያ በኋላ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ስለዚያ ነገር አላነሣም። እነዚያን ወረቀቶች አንድ በአንድ አንብቤያቸው ነበርና አውቃለሁ፣ የአባቴ ስም በየትኛውም ረድፍ አልነበረም። ተናጋሪም ነጋሪም አልነበረም፣ አንባቢ ነበር።

ባለፈው ዓመት ሐረር ሄጄ ኤረር በር ላይ ለውዝ ገዛሁ። ዛሬ በወረቀት የሚጠቀልል የለም፣ በፌስታል ነው የሚሸጡት፣ ፌስታሉም ተበልቶ ሲያበቃ ግንቡ ሥር በየእሾሁ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ከዚያ ዘመን ወረቀት ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል፣ የሚነበብ ግን ምንም የለበትም። እኔ ሳላስበው ለውዙን እጄ ላይ ደፍቼ ፌስታሉን ወደ ብርሃን አንሥቼ አገላብጨው ኖሯል።

«ምን ጠፋብዎት፣ እማማ?» አለችኝ ሻጯ ልጅ።

«ምንም» አልኳት፣ እንደ አባቴ ጥርት ባለ ድምፅ።