የጋሽ ሕዝቅያስ አድራሻ

ጋሽ ሕዝቅያስ ኳስ መትቶ አያውቅም። እንዲያውም ኳስ ወደ እሱ ስትመጣ ዓይኑን ይጨፍናል። ግን በእኛ በዳላሶች ቡድን ውስጥ ከአሰልጣኙ በላይ የሚፈራ ሰው ቢኖር እሱ ነበር፤ ተጫዋች የሚመዘግበው እሱ ነዋ! እኔ ሁለተኛ በረኛ ነበርኩ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስድስት ዓመት ታዝቤዋለሁ፣ ስለዚህ ስለ እሱ ማውራት የሚገባኝ ይመስለኛል።

በየዓመቱ ጁላይ ላይ አሜሪካ ውስጥ ያሉ የየከተማው የሐበሻ ቡድኖች አንድ ቦታ ተሰብስበው ይጋጠማሉ። ለአንድ ከተማ ለመሰለፍ ከወላጆችህ አንዱ ኢትዮጵያዊ መሆን አለበት፤ አንተም ከውድድሩ በፊት ቢያንስ ስድስት ወር እዚያው አካባቢ የኖርክ መሆን አለብህ። ማስረጃው በስምህ የመጣ ደብዳቤ ነው፤ የስልክ ቢልም ይበቃል። ይህ ሕግ እንደ ጾም ነበር፤ የማያውቀው የለም፣ የሚጠብቀው ግን የቻለ ብቻ ነው።

ጋሽ ሕዝቅያስ ይጠብቀው ነበር። የእንጀራ ሥራው አየር ማረፊያው ፓርኪንግ መውጫ ላይ ነው። ትኬት ጠፋብኝ ያለውን ሰው፣ ቄስም ይሁን ዶክተር፣ የሙሉ ቀን ያስከፍለዋል። እኔንም አስከፍሎኛል፤ በማግስቱ ደግሞ ምሳ ጋበዘኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

በፈረንጆቹ 2007 ሕጉ በገዛ ልጁ ላይ ወደቀ። ሊዮል እዚህ የተወለደ ነው፤ አማርኛው ይንገዳገዳል፣ ግራ እግሩ ግን አይንገዳገድም። ጎረቤት ስቴት ኦክላሆማ ኮሌጅ ይማር ነበርና ለበጋ ሲመጣ ከእኛ ጋር ልምምድ ሠራ፤ አሰልጣኛችን ክፍሉም ስሙን አስገባለት። አባቱ ሰረዘው።

«አባዬ፣ ማለቴ፣ ቤቴ እኮ እዚሁ ቤድፎርድ ነው» አለ ልጁ።

«ዓመቱን ሙሉ የምታድረው የት ነው?»

«ዶርም።»

«በቃ።»

ሊዮል ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ኦክላሆማን ትቶ፣ እናቱ ሰርካዲስ «ለኳስ ብለህ!» እያለች ስትቆጣ፣ ከሚቀጥለው ጃንዋሪ ጀምሮ ዴንተን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ዴንተን እንደ ዳላስ ይቆጠራል። የመጀመሪያዋን የስልክ ቢል አምጥቶ ለአባቱ ሲሰጠው እኔም ነበርኩ። ጋሽ ሕዝቅያስ ወረቀቷን አየና ፊቱ በራ። «እንግዲህ አንተን የሚነካህ የለም» አለው።

አሁን ስለ አድራሻው ልንገራችሁ። እዚህ አገር አዲስ የገባ ሐበሻ ቤት እስኪይዝ ድረስ ደብዳቤው የሚመጣው ቀድሞት በገባው ሰው አድራሻ ነው። የጋሽ ሕዝቅያስ አፓርትመንት የስንቱን ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ የስንቱን ግሪን ካርድ ተቀብሏል! የእኔም የመጣው እዚያ ነው። ለማንም እምቢ ብሎ አያውቅም። ስለዚህ ሊዮል ዴንተን ሊገባ ሲል፣ በዲሴምበር፣ ክፍሉ «ጋሼ፣ ሦስት ልጆች ወደዚህ ሙቭ ሊያደርጉ ነው፣ ደብዳቤያቸው አንተ ጋ ይምጣ?» ሲለው «ይምጣ እንጂ!» አለ። ክፍሉ ማለት የሊዮል የክርስትና አባት ነው። ደብዳቤዎቹ መጡ፤ ክፍሉ «እኔ አደርስላቸዋለሁ» እያለ ወሰዳቸው። ልጆቹን ግን ያየ የለም።

በጁን አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጋርላንድ ያለ አንድ ምግብ ቤት ጓሮ ክፍል ውስጥ ዝርዝሩን ለመፈረም ተሰበሰብን። ሊዮል ገብቷል፣ ግን በተጠባባቂነት። ከላይ ሦስት አዲስ ስሞች አሉ፤ ሦስቱም አጥቂዎች። ጋሽ ሕዝቅያስ መነጽሩን አድርጎ ማስረጃዎቹን አንድ በአንድ እያየ ሄደና ቆመ።

«ይሄ እኮ የእኔ ቤት ነው» አለ። «እነዚህ ልጆች የት ነው የሚኖሩት?»

«አንተ ጋ» አለ ክፍሉ። «ወረቀቱ እንደዛ ነው የሚለው።»

ሰው ሳቀ። ጋሽ ሕዝቅያስ አልሳቀም፤ ቢሉ ላይ ያለውን ቁጥር ደወለ። አንድ የዋህ ልጅ አነሳና «ሲያትል ነኝ ጋሼ፣ ለጌሙ ጁላይ ላይ እንመጣለን» አለው።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባል የለ? ሰውዬው ፊቱ አመድ መሰለ። «ክፍሉ፣ በቤቴ?» አለ። «ሰው በረዳሁበት አድራሻ?»

«ሁሉም ከተማ ያደርገዋል እኮ! እኛ ብቻ ነን ሕግ ስንቆጥር የምንሸነፈው።» ከዚያ ክፍሉ ማለት የሌለበትን አለ። «ደግሞ እነሱ ከወጡ ግራ መስመሩን ማን ሊይዝ ነው? ያንተ ልጅ! ሶ አሁን ገባን።»

ቤቱ ውስጥ ያጉረመረመው ሰው ብዙ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ነገሩን የማያውቀው ጋሽ ሕዝቅያስ ብቻ ነበር። እኔ ከማርች ጀምሮ አውቃለሁ። እዚያው ተነስቼ «ይህ ሰው ልጁን እንኳ የሰረዘ ሰው ነው» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ዋንጫው አጓጉቶኝ ነበር፤ አፍሬበታለሁ።

ጋሽ ሕዝቅያስ እስክሪብቶ አነሳ። ሦስቱን ሰረዘ። ከዚያ ወደ ታች ወረደና የሊዮልንም ስም ሰረዘው።

«እንግዲህ ለልጁ አደላ የሚል ካለ ይምጣ!» አለ።

ሊዮል ከኋላ ተነሳ። አልጮኸም። «አባዬ፣ እኔ እኮ ኤሊጀብል ነበርኩ፣ መጫወት እችል ነበር» አለ። «ሲክስ መንዝ ዴንተን ኖርኩ። የሚነካህ የለም አልከኝ። እሱ ዋሸህ፣ ኦኬ። እኔ ምን አደረግኩህ?»

ጋሽ ሕዝቅያስ ያደረገው ያን ጊዜ ገባው መሰለኝ። ወረቀቱን ሳብ አደረገ። ግን አንዴ የተሰረዘ ስም ያለ አሰልጣኙ ፊርማ አይመለስም፤ ይህንን ደንብ ያወጣው ራሱ ነው። ዝርዝሩን ወደ ክፍሉ ገፋለት።

«ለልጁ ፈርምለት» አለ፣ ልመና በማያውቅ ድምፅ።

«አራቱንም መልስ፣ አሁኑኑ እፈርማለሁ» አለ ክፍሉ።

ሊዮል አባቱን ያያል። ጋሽ ሕዝቅያስ ወረቀቱን አየ፣ ልጁን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ።

«ውሸት አልፈርምም» አለ።

ሊዮል የኳስ ጫማውን በትከሻው አንጠልጥሎ ወጣ። የተከተለው የለም። አባቱ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።