ጣቃ ፈላጊዋ ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት የቢሮዬ ወጣቶች ፕሮግራማቸው ፋይል ለማንበብ ዘገየ ብለው ሲነጫነጩ ሰማሁ። ዘገየ የሚሉት እኮ አንድ ጉርሻ እስኪዋጥ ነው! "እናንተ መዘግየት የት ታውቃላችሁ?" አልኳቸው፤ ሳቁብኝ። እኔ ግን ልቤ መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ አጠገብ ካለው የአባቴ ሱቅ ገብቶ ቁጭ አለ።

አባባ ጨርቅ በጅምላ ይሸጥ ነበር። ጣቃው በየመጋዘኑ ስለሚበተን የቱ የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እኔ ኮምፒውተር ተምሬ የጨረስኩ ሰሞን፣ እሱ ባንኮኒ ገብቼ ሱቁን እንድረከበው ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ፕሮግራም መሥራት። ስንጨቃጨቅ ከርመን፣ ጣቃው ያለበትን መጋዘን የሚፈልግ ፕሮግራም ፓስካል በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ሠራሁለት።

"እሺ፣ እናያለን" አለኝ። "ደንበኛ ካባረረብኝ ግን ዘግተሽው ባንኮኒ ትገቢያለሽ።" አባባ ካለ አለ ነው።

መጀመሪያ ጥሩ ነበር። ፋይሉ እያደገ ሲሄድ ግን ጉድ ፈላ። የጨርቁን ስም እጽፋለሁ፤ ዲስኩ ከር ከር ይላል፤ መልስ የለም። አባባ ደንበኛው እንዳይነሳበት ሻይ ያዝዛል። መርካቶ ውስጥ የታዘዘለትን ሻይ ትቶ የሚሄድ ሰው የለም፤ ነውር ነው። ዲስኩ አሁንም ከር ከር። ሌላ ሻይ ይመጣል፣ ትኩስ ሳምቡሳ ይከተላል። ያን ሰሞን ከጨርቅ ሻጭነት ወደ ሻይ ቤትነት ልንዞር ምንም አልቀረን።

አንድ ሐሙስ እትዬ ዘይነባ የሚባሉ የቡታጅራ ነባር ደንበኛችን ሻዩን ገፋ አድርገው ተነሱ።

"ሐጂ፣ እኔ ጨርቅ ልገዛ እንጂ ሻይ ልጠጣ አልመጣሁም። መኪና ያመልጠኛል" ብለው ወደ አውቶቡስ ተራ ሄዱ።

አባባ ፊቱ ጠቆረ። "እስከ ነገ ጁምዓ" አለኝ፤ ካልሆነ ባንኮኒ መግባቴ ነው። ወላሂ፣ አልቅሻለሁ።

በማግስቱ ለሶላት ሱቁ ተዘጋ፤ መንገዱ በሰጋጅ ሞላ። እኔ ሶላቴን ጓዳ ሰግጄ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጥኩ። የክረምት መግቢያ ነው፤ ካፊያው ቆርቆሮውን ይነካካል፣ ከጎረቤት የኮረሪማ ሽታ ይገባል። ፕሮግራሜን ባገላብጠው ስህተት የለውም። በመጨረሻ መጽሐፌን ገለጥኩና አገኘሁት፦ ፓስካል ካልነገሩት በቀር፣ ከዲስክ ያመጣውን ለጊዜው የሚያሳርፍበት ቦታ፣ በፈር የሚሉት፣ ትንሽዬ ናት። ያችን ጨርሶ ባነበበ ቁጥር ወደ ዲስኩ ይመለሳል። በርሜል ውሃ በሲኒ መቅዳት በሉት!

"ኤዲያ! ለዚህ ነው?" ብዬ ብቻዬን ጮህኩ። በፈሩን አሰፋሁና ሞከርኩ። መልሱ ዱብ አለ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

አባባ መስገጃውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከጎረቤታችን ከጋሽ ሸምሱ ጋር ተመለሰ። አንድ የወሊሶ ነጋዴ ተከትሏቸው ገብቶ ካኪ ጠየቀ። አባባ እንደልማዱ "ሻይ..." ማለት ሲጀምር፣ "የላይኛው መጋዘን፣ በሩ አጠገብ" አልኩ። ሰው ላከ፤ ጣቃው መጣ። ነጋዴው ገዝቶ ወጣ።

ከዚያ አባባ ወደ ጋሽ ሸምሱ ዞረ። "ሸምሱ፣ ለባንኮኒው የሚሆን ታማኝ ሰው ፈልግልኝ።"

"ምነው ሐጂ፣ ልጅህ እያለችልህ?"

"ልጄማ ሥራ አላት።"

አባባ ዛሬ የለም፤ አላህ ይማረው። እኔንም ጡረታሽ ደርሷል ይሉኛል። ይድረስ! አሁንም ጠዋት ወደ ቢሮ የምሄደው፣ አባቷ ገና ዛሬ እንደፈቀደላት ልጅ ደስ እያለኝ ነው።